የዋይፋይ አዳፕተር እንቢ ባለች ጊዜ
በቤት ሰርቨር ላይ የደረሰ ጉድለትና የምርመራው መንገድ

በዘንድሮው መጽሔታችን የምጽፍላችሁ አውራ ጣት ስለምታህል አንዲት ዕቃ ነው። ዕቃዋ የዋይፋይ አዳፕተር ትባላለች። በሚያዝያ ወር ለ11 ቀን ያህል ሥራዋን አቋርጣ፣ እኔንና ስምንት የሰፈራችንን ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና ከምናደርገው ጥናት አስተጓጕላን ነበር። ጉድለቱን ፈልጌ ያገኘሁበት መንገድ ተመሳሳይ ችግር ለሚደርስበት ሰው ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ፣ የሠራሁትን ስሕተት ሳልደብቅ ከዚህ ቀጥሎ እገልጻለሁ።

አስቀድሞ ሰርቨር ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። ቃሉ በቀጥታ ሲተረጐም አገልጋይ ማለት ነው። ብዙ ሰው ሰርቨር ሲባል ባንክ ቤት ውስጥ በቀዝቃዛ ክፍል የተደረደረ ትልቅ መሣሪያ ይመስለዋል። ነገር ግን ማናቸውም ኮምፒዩተር ሌሎች ሲጠይቁት መልስ እንዲሰጥ ከተደረገ ሰርቨር ይባላል። የእኛ ሰርቨር ከሰው እጅ የተገዛ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ ስክሪንም ኪቦርድም የለውም። በውስጡ ኪዊክስ የተባለ ፕሮግራም ይገኛል። ይህን ፕሮግራም በፈረንጆች አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. የጀመሩት ኢማኑኤል ኤንግልሃርትና ሬኖ ጎዳን ሲሆኑ፣ ሥራውም ዊኪፔዲያን የመሰሉ ትልልቅ የዕውቀት መዛግብት ያለ ኢንተርኔት እንዲነበቡ ማድረግ ነው። ከዚህ ሌላ የትምህርት ሚኒስቴር በፒዲኤፍ ያወጣቸው የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል መማሪያ መጻሕፍትና ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች አሉበት።

የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሎቹ ከ100 ጊጋባይት ይበልጣል። ይህን በሞባይል ዳታ ማውረድ ለአንድ ተማሪ የማይታሰብ ስለ ሆነ፣ አዲስ አበባ የሚኖረው አጎቴ በሃርድ ዲስክ ገልብጦ በአውቶቡስ ወደ ዲላ ላከልን። ለጨዋታ ያህል አንድ ጊዜ አስልቼው ነበር፤ 100 ጊጋባይት በ8 ሰዓት ጉዞ ሲደርስ በሰከንድ 28 ሜጋቢት ያህል ይሆናል። እንግዲህ አውቶቡሱ ከእኔ ስልክ የፈጠነ የመረጃ መስመር ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ዋይፋይ በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች በሬዲዮ ሞገድ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። ኢንተርኔት ደግሞ ከግቢው አልፎ ዓለምን የሚያገናኘው መስመር ነው። የኢንተርኔቱ ክፍያ ቢያልቅ እንኳ ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ ተማሪዎቹ ከቤታችን በረንዳ ተቀምጠው በስልካቸው ከሰርቨሩ ያነባሉ። ይህን ለእናቴ ለማስረዳት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ ተማሪዎቹ የእኛን ካርድ የሚጨርሱ ይመስላት ነበር።

ራውተሩ ያለው ከትልቁ ቤት ሳሎን ነው። ሰርቨሩ ግን ድምፁ ስለሚረብሽ ከጓሮ ካለችው ትንሽ ቤት ተቀምጧል። በመካከላቸው 22 ሜትር ያህል አለ። ያም ባዶ ሜዳ አይደለም፤ እንደ ማናቸውም የጌዴኦ ጓሮ እንሰትና ቡና፣ ከበላያቸውም ጥላ ዛፍ የተተከለበት ነው። ይህ እንሰትና ቡናን ከዛፍ ጋር አስማምቶ የመትከል ጥበብ ያለበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ክብሩ ክብር ነው፤ ለሬዲዮ ሞገድ ግን የማይመች አገር ነው። የዋይፋይ ሞገድ በሁለት ዋና ክልሎች ይሠራል። አንደኛው 2.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ሁለተኛው 5 ጊጋኸርዝ ሲሆን ርዝመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ቈርቈሮ ሞገዱን መልሶ ይወረውረዋል፤ ውሃ ያዘለ ነገር ደግሞ ይውጠዋል። የእንሰት ቅጠልና ግንድ ምን ያህል ውሃ እንዳለው ለጌዴኦ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንመለስ። ሚያዝያ 6 ቀን ማታ መብራት ጠፍቶ በኃይል ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ አሮጌዋ አዳፕተር መብራቷን አላበራችም። በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ብሰካትም እንደዚያው ሆነች፤ ስለዚህ መሞቷን ዐወቅሁ። በማግሥቱ ገበያ ወርጄ አዲስ ገዛሁ። ባለ ሱቁን፣ «ጋሼ፣ በሊነክስ ላይ ትሠራለች?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «በሁሉም ትሠራለች፤ ሰካ አድርገህ መጠቀም ነው» አሉኝ። ሰካኋት፤ ትንሽ ሰማያዊ መብራት ብልጭ አለች፤ ሰርቨሩ ግን ኔትወርክ አላገኘም።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ነገር ያሳፍረኛል። ለ3 ቀን ያህል ያገኘሁትን ሁሉ በአንድነት ለወጥሁ። ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መለስሁ፤ ፓስወርዱን ቀየርሁ፤ ዱሮ በደኅና ይሠራ የነበረውን የኔትወርክ መዝገብ ሰረዝሁ። ቀዳዳውንም እየለዋወጥሁ ስሰካና ስነቅል ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው ጉድለት ምን እንደ ነበረ፣ እኔ የጨመርሁት ደግሞ የቱ እንደ ሆነ መለየት አቃተኝ።

በዚህ መካከል ማታ ማታ የምትመጣ አንዲት ተማሪ ነበረች። የራሷ ስልክ የላትም፤ እናቷ ከገበያ ስትመለስ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት የእናቷን ስልክ ይዛ ትመጣና የፊዚክስ ጥያቄዎችን ትገለብጣለች። በየማታው ከበሩ ቆማ «ዛሬስ ሠራ?» ትለኛለች። እኔም «ነገ ይደርሳል» እላታለሁ። በአምስተኛው ቀን ሳትመጣ ቀረች። ይህ ከአዳፕተሯ ይልቅ አሳሰበኝ።

ለፊዚክስ መምህራችን ነገሩን አጫወትኋቸው። «እስቲ ያደረግኸውን በተራ ንገረኝ» አሉኝ።

«መምህር፣ ያልሞከርሁት የለም» አልኋቸው።

«መጀመሪያ የሞከርኸው ምንድን ነው? ከዚያስ በኋላ ምን ተለወጠ?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም አንድ ደብተር እንዳዘጋጅ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንድለውጥ፣ የሆነውንም ሆነ ያልሆነውን ከነሰዓቱ እንድጽፍ አዘዙኝ። ምርመራው ከየት መጀመር እንዳለበት ያስተማረኝ ግን የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ነው። ቡናው ከታችኛው ገንዳ ያልደረሰ እንደ ሆነ ሠራተኛው ገንዳውን አይመታም፤ ከመፈልፈያው ማሽን ተነሥቶ ቦዩን እየተከተለ ይወርዳል። ቡናው የቆመበትን ሲያገኝ ከዚያ በታች ያለውን ለጊዜው ይተወዋል። እኔም ሞገዱን፣ ራውተሩንና ፓስወርዱን ትቼ፣ ከቦዩ ራስ ማለት ከዩኤስቢው ቀዳዳ ጀመርሁ። ስክሪን ስላልነበረኝ የቤቱን ቴሌቪዥን ወደ ጓሮ ተሸክሜ ወሰድሁ። በዚያን ዕለት ማታ ዜና አልታየም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ሰርቨሩ አዳፕተሯን ያያታልን? በሊነክስ «ኤልኤስ ዩኤስቢ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ በዩኤስቢ የተሰኩትን ዕቃዎች በሙሉ ይዘረዝራል። እያንዳንዱ ዕቃ ባለ 4 አሐዝ የሆኑ ሁለት መለያዎች አሉት፤ የመጀመሪያው የሠሪውን፣ ሁለተኛው የዕቃውን ማንነት ይገልጻል። አዳፕተሯ በዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። ስሟን ሳነብ ግን ተገረምሁ፤ ሰርቨሩ እንደ ሲዲ ማጫወቻ ነበር የመዘገባት!

ይህ ስሕተት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። ዊንዶውስ የሚጠቀም ሰው ሲዲ ፍለጋ እንዳይደክም ሲሉ ሠሪዎቹ ድራይቨሩን በአዳፕተሯ ውስጥ ይከቱታል። ስትሰካ መጀመሪያ ሲዲ ሆና ትቀርባለች፤ ድራይቨሩ ከተጫነ በኋላ ሲዲነቷን ትታ አዳፕተር ትሆናለች። ሊነክስ በዚያ ሲዲ ስለማይጠቀም፣ የሚለውጣት ከሌለ ሲዲ እንደ ሆነች ትቀራለች። «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የተባለ ፕሮግራም ይህን ይሠራል፤ በእኔ ሰርቨር ላይ ግን አልተጫነም ነበር።

እንግዲህ ኔትወርክ ለማግኘት ፕሮግራሙን ማውረድ፣ ፕሮግራሙን ለማውረድ ደግሞ ኔትወርክ ማግኘት ሊኖርብኝ ነው። ከዚህ አዙሪት የወጣሁት በስልኬ ነው። ስልክን በቻርጅ ኬብሉ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ፣ ከስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ኢንተርኔትን በዩኤስቢ ማካፈል የሚለውን ቢከፍቱት፣ ኮምፒዩተሩ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀበለዋል። ያለ ምንም ዋይፋይ ኢንተርኔት ያገኛል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር ይህን ቢያስታውስ ደስ ይለኛል።

ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ አዳፕተሯን ነቅዬ ሰካኋት። ሁለተኛው መለያ ቍጥር ተለወጠ፤ ሲዲው ጠፋ። በደብተሬ ላይ «አንደኛው ቦይ ተከፈተ» ብዬ ጻፍሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የምታናግራት ድራይቨር አለችን? ድራይቨር ማለት በኮምፒዩተሩና በዕቃው ቺፕ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ሊነክስን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ፣ ያን ጊዜ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረ። የሊነክስ ልብ የሆነው ክፍል ከርነል ሲባል፣ አብዛኞቹ ድራይቨሮች አብረውት ይመጣሉ። የእኔ ሰርቨር ዴቢያን 12 በተባለው የሊነክስ ዓይነት የሚሠራ ሲሆን፣ ከርነሉ 6.1 ነው። የአዳፕተሯን ቺፕ የመሳሰሉት ደግሞ በዩኤስቢ ሲመጡ ወደ ከርነሉ የገቡት በ6.2 ነው። በአንዲት ቍጥር ተበለጥሁ! ከርነል 6.2 የወጣው በእኛ አቈጣጠር የካቲት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ የሰማዕታት ቀን ስለ ሆነ ዕለቱን አልረሳውም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ድራይቨሩን ከሌላ ቦታ አምጥቶ ራስ መገንባት ነው፤ ይህ ግን ከርነሉ በታደሰ ቍጥር ሊበላሽ ይችላል። ሁለተኛው አዲስ ከርነል መጫን ነው። ዴቢያን ለቀድሞው ዕትም አዳዲስ ከርነሎችን «ባክፖርትስ» በተባለ ክፍል ያቀርባል፤ እኔም ይህን መረጥሁ። ሰርቨሩን አጥፍቼ ሳስነሣው የከርነሉ መዝገብ ፈርምዌር የተባለው ፋይል እንደ ጐደለ ነገረኝ። ይህም በቺፗ ውስጥ ተጭኖ እሷን ራሷን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ነው። እሱንም አወረድሁ። የስልኬ ካርድ በዚህ አለቀ፤ አዳፕተሯ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ኔትወርክ ካርድ ታየች።

ሦስተኛው ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ግማሽ ቀን በልቶብኛል። ሊነክስ በዩኤስቢ ለተሰካ የዋይፋይ አዳፕተር የሚሰጣት ስም ከራሷ የሃርድዌር አድራሻ ይወጣል፤ አድራሻው ባለ 12 አሐዝ ነው። ስለዚህ የአሮጌዋና የአዲሷ ስም ይለያያል። እኔ ደግሞ የሰረዝሁትን መዝገብ እንደ ገና ስጽፍ የሞተችውን ስም ጽፌ ነበር። ሰርቨሩ የሌለችውን ሲጠራ ያለችው ዝም ብላ ትጠብቃለች። ስሙን ሳስተካክል ግንኙነቱ ተገኘ።

አራተኛው የሞገዱ ጕልበት ነው። ይህ የሚለካው ዲቢኤም በተባለ መለኪያ ሲሆን፣ ቍጥሩ ከዜሮ በታች ነው። ወደ ዜሮ የቀረበው ይበረታል፤ በየ10ው ጕልበቱ 10 እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ ‐60 ከ‐80 በ20 ሳይሆን በ100 እጥፍ ይበልጣል። የእኔ ‐82 ነበረ፤ ከዚህ በታች መነጋገር እንደ መንሾካሾክ ነው። አዳፕተሯ ከኮምፒዩተሩ በስተኋላ፣ በብረቱ ሣጥንና በግድግዳው መካከል ተሸጕጣ ነበር። በ3 ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ አውጥቼ ከጣራው ክፈፍ ሥር ሰቀልኋት፤ ‐67 ሆነ። የ15 ልዩነት ማለት 32 እጥፍ ያህል ነው፤ ለአንዲት ማራዘሚያ ገመድ ብዙ ነው። ቀጥሎ አዳፕተሯን ከሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ወደ ጥቍሩ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ አዛወርኋት። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ዩኤስቢ 3 በሚሠራበት ጊዜ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ሁከት ይፈጥራል። የእኛም ሃርድ ዲስክ ከጐኗ በዚያው ዓይነት ቀዳዳ ተሰክቶ ነበረ። ካዛወርኋት በኋላ የጕልበቱ ቍጥር አልተለወጠም፤ እየጠፉ በድጋሚ የሚላኩት መልእክቶች ግን ቀነሱ።

በዚያን ማታ ሁሉም ነገር ተጠናቀቀ ብዬ ተኛሁ። ጧት ስነሣ ሰርቨሩ አይገኝም! በቴሌቪዥኑ ላይ ሳየው ግን ግንኙነት አለው። ከሰርቨሩ ወደ ራውተሩ ስልክ ወዲያው መልስ ያገኛል፤ ከዚያም ለጥቂት ደቂቃ ከስልኬ እደርስበታለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ እንደ ገና ይጠፋል። ይህን ምልክት ማወቅ ይጠቅማል፤ ራሱ ሲናገር የሚሰማ፣ ሌላ ሲጠራው የማይሰማ ከሆነ ምናልባት ተኝቷል።

ነገሩ እንደሚከተለው ነው። ራውተር በየ100 ሚሊ ሰከንድ ገደማ «አለሁ» የሚል አጭር ምልክት ያሰማል። ኀይል ለመቆጠብ የተደረገች አዳፕተር በመካከሉ ታንቀላፋለች፤ በምልክቱ ሰዓት ነቅታ የተቀመጠላት መልእክት መኖሩን ትጠይቃለች። በባትሪ ለሚሠራ ስልክ መልካም ሐሳብ ነው። ሰርቨር ግን የሌሎችን ጥሪ ሲጠብቅ የሚኖር ነው፤ ድራይቨሩ በትክክል ካላነቃት ጥሪው ይባክናል። «ፓወር ሴቭ» የተባለውን ብዘጋው ችግሩ ወዲያው ቆመ። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ደግሞ ራሱ ተመልሶ ተከፈተ፤ ስለዚህ በሚነሣ ቍጥር እንዲዘጋው በመዝገቡ ጻፍሁለት።

የቀረው የመብራት ነገር ነው። ሰርቨሩ መብራት ሲመጣ በ40 ሰከንድ ይነሣል፤ ራውተሩ ግን 2 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሰርቨሩ ቀድሞ ነቅቶ ራውተሩን ቢያጣው ተስፋ ቈርጦ እንዳይቀመጥ፣ በየ30 ሰከንዱ እንዲሞክር አደረግሁት። ይህን ለመፈተን መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ነበረብኝን? አይደለም። ሰርቨሩን በሥርዓት አጥፍቼ የቤቱን ዋና ማብሪያ 3 ጊዜ ዘጋሁና ከፈትሁ። በሥርዓት ሳያጠፉ መብራት መቍረጥ በዲስኩ ላይ ያለውን መረጃ ሊያበላሽ ስለሚችል ይህን እርምጃ አትዝለሉ። በሦስተኛው ጊዜ እናቴ ከማድ ቤት፣ «አንተ ልጅ፣ መብራት ኀይል የሚያደርገው አንሶህ ነው?» ብላ ተቈጣች። ሦስቱንም ጊዜ ግን ሰርቨሩ ማንም ሳይነካው ራውተሩን አግኝቶ ተነሣ።

ሚያዝያ 17 ቀን ማታ ታናሽ ወንድሜን ወደዚያች ተማሪ ቤት ላክሁት። 1 ሰዓት ተኩል ላይ የእናቷን ስልክና ደብተሯን ይዛ መጣች። «እውነት ሠራ?» አለችኝ። «አንቺው እዪው» አልኋት። ያቋረጠችው ከኤሌክትሪክ መስክ ምዕራፍ ላይ ነበርና ከዚያው ቀጠለች፤ እስከ 3 ሰዓትም አልተነሣችም።

ደብተሩን አሁንም አላቋረጥሁም። የአዳፕተሯን የሞገድ ጕልበት ጧት ጧት እጽፋለሁ። ደረቅ በሆነበት ቀን ‐66 ወይም ‐67 ነው፤ ሌሊቱን ዘንቦ የእንሰቱ ቅጠል በራሰበት ጧት ‐71 እና ‐72 ይሆናል። አያቴ በመንገዱ ላይ ያለውን አንዱን እንሰት ለመፋቅ ከደረሰ ይነቀላል ብላኛለች። እስከዚያው ግን ሁለተኛ ማራዘሚያ ገዝቼ አዳፕተሯን ከቅጠሎቹ በላይ ከፍ ለማድረግ አስቤአለሁ።